የመንግሥት ፈቃድ ቁማርን ሐላል ያደርጋልን?

(በሬድዮ ፕሮግራም የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ-ር-ረሕማኒ-ር-ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሀቦቻቸው ላይ ይሁን።



የዛሬው ርዕሳችን ከአንድ አድማጭ በደረሰን ጥያቄ ላይ የተመሠረተ ነው። ጠያቂው ወንድማችን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ በኢንተርኔት የስፖርት ውርርድ የሚያጫውት ድርጅት ለማቋቋም አስቧል። የፈቃድ ማመልከቻው ተዘጋጅቷል። የቀረው የባንክ ዋስትና ስለሆነ አባቱ ቤታቸውን እንዲያስይዙለት ለመናቸው። አባት ግን «መጀመሪያ ዲኑን ጠይቅ» አሉት። አላህ ኸይር ጀዛቸውን ይክፈላቸው።

ወንድማችን አራት ምክንያቶችን ያቀርባል። እኛ እናጫውታለን እንጂ አንጫወትም፤ መንግሥት ፈቃድ የሚሰጥበት ሕጋዊ ሥራ ነው፤ ለወጣቶች የሥራ ዕድል ይከፍታል፤ ከትርፉም ለመስጊድና ለየቲሞች እንሰጣለን ይላል። ይህን የሚያስበው እርሱ ብቻ ባለመሆኑ አንድ በአንድ እንመልከተው።

የመጀመሪያው «አንጫወትም» የሚለው ነው። ቁማር ማለት ሁለት ወገኖች ገንዘባቸውን አስይዘው፣ ውጤቱ ባልታወቀ ነገር ላይ አንዱ ሲያተርፍ ሌላው የሚከስርበት ውል ነው። በስፖርት ውርርድ ውስጥ የተጫዋቹ ተቃራኒ ወገን ማነው? ድርጅቱ ራሱ ነው። አቻ የማይወጣበትና ሁለቱም ቡድኖች እኩል የማሸነፍ ዕድል ያላቸው ጨዋታ አለ እንበል። አንዱ ሰው በአንደኛው ቡድን 100 ብር፣ ሌላው በሁለተኛው 100 ብር ያስይዛል። ውርርዱ እኩል ለእኩል ቢሆን ኖሮ አሸናፊው 200 ብር መውሰድ ነበረበት። ድርጅቱ ግን ክፍያውን በ1.85 አስልቶ 185 ብር ይሰጠዋል። 15 ብሩ ለድርጅቱ ይቀራል። ለዚህ 15 ብር ዕቃ አልተሸጠም፣ ጉልበት አልተከራየም፣ ማሳ አልታረሰም። አንዳንድ ቀን ድርጅቱ ራሱ ይከስራል፤ በብዙ ቀንና በብዙ ሰው ግን ስሌቱ ወደ እርሱ ያዘነብላል። እንግዲህ ተጫዋቹ በአንድ ጨዋታ አንድ ጊዜ ይቆምራል፤ ባለፈቃዱ ደግሞ በአንድ ምሽት ከሺዎች ጋር ይቆምራል። «አልጫወትም» ማለቱ እንዴት ይሆናል?

አላህ በሱረቱል ማኢዳህ (5፡90-91) ቁማርን ከአስካሪ መጠጥና ከጣዖት ጋር አንድ ላይ አድርጎ እርም ብሎታል። ሸይጧን በእርሱ አማካይነት በመካከላችን ጠብና ጥላቻን እንደሚዘራ፣ ከዚክርና ከሰላትም እንደሚያግደን ነግሮናል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ጓደኛውን ና እንቆማመር ብሎ የጋበዘ ሰው ሰደቃ እንዲሰጥ አዘዋል። በአንድ የግብዣ ቃል ይህ ከመጣ፣ ማስታወቂያ አስነግሮ፣ የመጀመሪያ ተጫዋች ጉርሻ አዘጋጅቶ፣ የሕዝቡን ልጅ ሌሊትና ቀን በስልኩ ውስጥ የሚጋብዝ ሰው ምን ይባል?

ሁለተኛው የፈቃዱ ጉዳይ ነው። በአገራችን የብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር ለስፖርት ውርርድ ድርጅቶች ፈቃድ ሲሰጥ መቆየቱ የታወቀ ነው። እኛ ሕግን አክብሩ ከሚሉት ወገን ነን። ነገር ግን የመንግሥት ፈቃድ የሚናገረው ስለ አገሩ ሕግ እንጂ ስለ አኺራ አይደለም። የአረቄ መሸጫም ፈቃድ አለው፤ ግብርም ይከፍላል። «ፈቃድ ስላለው አረቄው ሐላል ሆነ» የሚል ሙስሊም ግን አልሰማንም። ይኸው ሕግ ራሱም እጁን ሲሰበስብ አይተናል። እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2015 የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በወጣቱ ላይ ያደረሱትን ጉዳት ጠቅሶ በርካታ የውርርድ ቤቶችን ዘግቷል። የመንደሩ ቤት ሲታሸግ በሩ ይታያል። በስልክ የሚገባው ግን በር የለውም፤ ከልጃችን ትራስ ሥር ነው ያለው።

ሦስተኛውና አራተኛው፣ ማለትም የሥራ ዕድሉና ሰደቃው፣ አንድ መልስ አላቸው። በጃሂሊያ ዘመን ዐረቦች ግመል አርደው ሥጋውን በቀስት ዕጣ ይቆማመሩበት ነበር። ቀስቶቹ አሥር ሲሆኑ ሰባቱ ድርሻ ያላቸው፣ ሦስቱ ባዶ ነበሩ። ባዶው የደረሰው የግመሉን ዋጋ ይከፍላል። ሙፈሲሮች እንደሚነግሩን አሸናፊዎቹ ሥጋውን ራሳቸው አይበሉትም፤ ለድሆች ያከፋፍሉትና ይኮሩበት ነበር። አላህ በሱረቱል በቀራህ (2፡219) በቁማር ውስጥ ለሰዎች አንዳንድ ጥቅም መኖሩን አልካደም፤ ኃጢአቱ ግን ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ገለጸ። ስለዚህ የወንድማችን ክርክር አዲስ አይደለም። ድሃን በሚያበላው ቁማር ላይ ነው እርምነቱ የወረደው! ደግሞም አላህ መልካም ነው፣ መልካሙን እንጂ አይቀበልም። የአንዱን የቲም አባት ደመወዝ በልቶ ለሌላው የቲም ደብተር መግዛት ሰደቃ አይባልም።

የሥራ ዕድሉን ስንመለከት ደግሞ፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአስካሪ መጠጥ ጉዳይ ጠጪውን ብቻ ሳይሆን ጠማቂውን፣ ተሸካሚውን፣ ሻጩንና ዋጋውን በይውን ጨምሮ አሥር ሰዎችን መርገማቸው በቲርሚዚና በኢብኑ ማጃህ ተዘግቧል። ሱረቱል ማኢዳህም (5፡2) በኃጢአት ላይ እንዳንተጋገዝ ከልክሎናል። ስለዚህ ቤቱን የሚያከራይ፣ ሶፍትዌሩን የሚሠራ፣ ዋስ የሚሆንም ራሱን ይጠይቅ።

የተከበሩ አባታችን ሆይ፣ ቤትዎን አያስይዙ። ልጅዎን እምቢ ማለትዎ ለእርሱ ማዘንዎ ነው። ነገር ግን በእምቢታ ብቻ አይሸኙት። ሦስት ወጣቶች ገንዘብ ማዋጣታቸው፣ ሶፍትዌር ማወቃቸው፣ የወረቀቱን ውጣ ውረድ መቻላቸው የአላህ ጸጋ ነው። ያው እውቀት ለሱቆች የሂሳብ መያዣ፣ ለገበሬው ምርት መሸጫ፣ ለዕቃ ማድረሻ ሥራ ይውላል። እንደ ዘምዘምና ሒጅራ ያሉ ወለድ አልባ ባንኮች በሙራበሓና በሙሻረካ ስለሚሠሩ እነርሱን ማነጋገር ይቻላል። ትርፉ መጀመሪያ ላይ ያነሰ ሊሆን ይችላል። በረካ ያለው ጥቂት ግን ቤት ያቆማል።

ወንድማችን ሆይ፣ ማመልከቻው ገና አልገባም፤ ይህም ራሱ የአላህ ራሕመት ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ቀድሞ የገባ አድማጭ ካለም የተውበት በር አልተዘጋም። ይውጣ፣ ይጸጸት፣ ላለመመለስ ይቁረጥ። ከሐላል ያመጣው መነሻ ገንዘብ የእርሱ ነው። ከውርርዱ ያገኘውን ግን ባለቤቶቹን ካወቃቸው ይመልስ፤ ካላወቃቸው፣ ዑለማዎች እንዳስተማሩን፣ የሰደቃ አጅር ሳይጠብቅ ለድሆች ወይም ለሕዝብ ጥቅም ያውለው።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ በስልካቸው የሚያዩት ኳስ ብቻ መሆኑን በፍቅር ጠይቁ። የወር ወጪው ሳይገባችሁ ሲያልቅ፣ ስልክ ሲደበቅ፣ ብድር ሲበዛ ከመቆጣት በፊት አጠገባቸው ተቀመጡ። ምክንያቱም ያፈረ ልጅ ተጨማሪ ይዋሻል፤ ያጣውን ለመመለስም እንደገና ያስይዛል።

አላህ ሐላሉን ሪዝቅ ያብቃቃን፤ ከሐራሙም ይጠብቀን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።