ስኳርና ድንገተኛ የልብ ሕመም
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ ሐኪም አይደለንም። ዘመናችንን በመዝገብ ቤት የጨረስን ጡረተኛ ጸሐፊ ነን፤ ትምህርታችንም ከአንደኛ ደረጃ አያልፍም። ይሁን እንጂ የእድር ሥራ መቅበር ብቻ ስላልሆነ፥ ጠይቀንና አንብበን ያገኘነውን እናካፍላችኋለን።

ድንገተኛ የልብ ሕመም ሰውን የሚጥለው ልብን የሚመግበው የደም ቧንቧ ሲዘጋ ነው። በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ለዓመታት የተጠራቀመ ስብ አለ። ሰውነት ነጭ የደም ሕዋሳቱን ያዘምትበትና ቦታው ይቆጣል፤ ሐኪሞች ብግነት የሚሉት ይህንን ነው። የተቆጣ ቁስል ቀልቶ ያብጥ የለ? ይኸኛው ግን ከውስጥ ስለሆነ አይታይም። አንድ ቀን ሲቀደድ ደም ይረጋበትና መንገዱን ይዘጋል።

ታዲያ ስኳር እዚህ ምን አገባው? ትሉ ይሆናል። ከፍ ብሎ የኖረ የደም ስኳር የቧንቧውን የውስጥ ሽፋን ይጎዳል፥ ብግነቱንም ያባብሳል። በሌላ በኩል ደግሞ ልብ ሲታመም ሰውነት ይደነግጥና እንደ አድሬናሊን ያሉትን ሆርሞኖች ይረጫል፤ እነሱም ስኳሩን ያንሩታል። ስለዚህ «ስኳር የለብኝም» የሚል ሰው እንኳ ሆስፒታል ሲደርስ ስኳሩ ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ የተገኘበት በሽተኛም የሞት አደጋው ከሌላው ይበልጣል።

«የድንጋጤ ነው፥ ይወርዳል» ብሎ መተው ግን አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የስዊድን ጥናት፥ ስኳር እንዳለባቸው የማይታወቅ 181 የልብ ሕመምተኞችን ተመልክቶ ነበር። ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ወይ የስኳር በሽታ፥ ወይ ወደዚያ የሚወስድ መዛባት ተገኘባቸው። ከሦስት ወር በኋላ ሲመረመሩም ነገሩ ያው ሆነ። ድንጋጤ ቢሆን ኖሮ እስከዚያ ባለፈ ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፥ ልቡን ታሞ የወጣ ሰው ሲያገግም በባዶ ሆዱ ስኳሩን ይለካ። ተደጋግሞ ተለክቶ 126 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር በሽታ ነው።

ሁለተኛ፥ ስኳር ያለበት ሰው ልቡ ሲታመም ደረቱን ላያመው ይችላል። ድንገት ትንፋሽ ካጠረው፥ ካላበውና ከደከመው «ምች ነው» ብላችሁ አታስተኙት፤ ወዲያው ሆስፒታል አድርሱት።

ሦስተኛ፥ መድኃኒትን በገዛ እጅ ማቋረጥም ሆነ መጨመር አይገባም። ከልክ በላይ የወረደ ስኳርም ልብን ይጎዳልና።

በመጨረሻም፥ በሽተኛ ልንጠይቅ ስንሄድ ለስላሳና ብስኩት ይዘን መግባቱን እንተው። በምትኩ «ከወጣህ ወዲህ ስኳርህን ተለካህ ወይ?» ብለን እንጠይቅ፤ አቅም ላነሰውም አብረነው ጤና ጣቢያ እንሂድ። ድንኳኑማ የትም አይሄድም፤ ተጣጥፎ ቢቆይልን ይሻላል።