ስለ ስኳር በሽታና ስለ ልብ የተደረገ ንግግር



በጕልምስና የሚመጣው የስኳር በሽታ ከኢንሱሊን ማነስ ብቻ የሚነሣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በአሜሪካ አገር በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ዶክተር ጄራልድ ሪቨን ግን መርምረው ሌላ ነገር አሳዩ፤ ኢንሱሊን በደም ውስጥ ሞልቶ ሳለ ሰውነት አልታዘዝ ይለዋል። ሎሌው አልሰማ ሲል ጌታው ደጋግሞ እንደሚጣራ ሁሉ፣ ቆሽትም ኢንሱሊኑን እያበዛ ያመነጫል። በዚህ ምክንያት የደሙ ስኳር ለብዙ ዓመት ልከኛ ሆኖ ሊቈይ ይችላል።

ጉዳቱ ግን በሌላ በር ይገባል። ጉበት ትራይግሊሰራይድ የተባለውን ስብ አብዝቶ ወደ ደም ይሰዳል፤ መልካም የሚባለው ኮሌስትሮል ይቀንሳል፤ የደም ግፊትም ከፍ ይላል። እንግዲህ ሰውየው «ስኳር የለብህም» ተብሎ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ የልብ በሽታ ሥጋት አብሮት ይሄዳል ማለት ነው።

እኒህ ሊቅ ይህን ሐሳብ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1988 ዓ.ም. በተሰጠው የባንቲንግ ንግግር ገልጸው፣ ተያይዘው የሚመጡትን ምልክቶች «ሲንድሮም ኤክስ» ብለው ሰየሟቸው። (በአልጀብራ የሚያስቸግረን ያው ኤክስ ነው!) ነገሩ የወፍራሞች ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ቀጭን ሰውም ሊያገኘው ይችላል። በእግር መሄድና፣ ውፍረት ላለበትም ክብደት መቀነስ፣ ሰውነት ለኢንሱሊን እንደገና እንዲታዘዝ ይረዳሉ።