ደመ ከልብ እንዳይቀር
ስለ ወንጀል ምርመራ ልብ ወለድና ስለ አዳዲስ ደራስያን አፈላለግ የተደረገ ንግግር



የንባብ ፍቅር ያደረበት ሰው ከሚገጥሙት ችግሮች አንዱ፤ የወደደውን ደራሲ መጻሕፍት ከጨረሰ በኋላ «ከእንግዲህስ የማንን ላንብብ?» ብሎ መጨነቁ ነው። ይህ ጭንቀት በወንጀል ምርመራና በስለላ ልብ ወለድ አንባቢ ላይ ይበልጥ ይጸናል። የዚህ ዓይነቱ መጽሐፍ ምሥጢሩ አንድ ጊዜ ከተፈታ ወዲያ እንደ ፊተኛው አያጓጓምና፤ አንባቢው ዘወትር አዲስ ደራሲ ፈላጊ ሆኖ ይኖራል።

ከነጭ ዓባይ በስተምሥራቅ፤ ከጁባ ከተማ ማዶ ባለችው በጉምቦ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ደግሞ ችግሩ እጥፍ ድርብ ነው። ወደ ኒሙሌና ወደ ኡጋንዳ የሚወስደው መንገድ በዚያ ያልፋል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የተመረቀው የነጻነት ድልድይም ለአካባቢው ሁለተኛ መሻገሪያ ሆኖለታል። በዚህ ሁሉ መንገድ ብዙ ዓይነት ሸቀጥ ይመላለሳል፤ የአማርኛ መጽሐፍ ግን ከመንገደኛ ሻንጣ ካልወጣ በቀር በቀላሉ አይገኝም። በዚያ የሚያድገው ልጅ በገበያ የጁባ ዓረብኛ ይሰማል፤ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ይማራል፤ አማርኛው ከእናቱ ጓዳ ሳይወጣ እንዳይቀር ያሰጋል። ስለዚህ ልጁን እጁን ይዞ እስከ መጨረሻው ገጽ የሚያደርስ መጽሐፍ መፈለግ ሥራ የፈታ ሰው ጨዋታ ተብሎ የሚናቅ አይደለም።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ጁባ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻና በ2016 አጋማሽ የጦርነት እሳት የነደደባት ከተማ ናት። «ሞትን በዓይኑ ያየ ሕዝብ ስለ ምን ብሎ የግድያ ታሪክ ያነባል? ለወጣቱስ ስለ ምን ይሰጠዋል? ክፋትን ማስተማር አይሆንምን?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ ተገቢ መልስ ያሻዋል።

መልሱ በአንድ የቆየ የአማርኛ አነጋገር ውስጥ ይገኛል። ገዳዩ ሳይታወቅ፤ ጠያቂም ሳይነሣለት የቀረውን ሟች አበው «ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ» ይሉታል። ከሞቱ ይልቅ አንጀት የሚያሳርረው ይህ ነው። በጦርነት ጊዜ የሰው ልጅ በመቶና በሺህ ይቆጠራል፤ የየአንዳንዱ ስም በቁጥሩ ውስጥ ይሰወራል። በመልካም የወንጀል ልብ ወለድ ግን የሞተው ሰው ስም አለው፤ ወዳጅና ጠላት አለው፤ ያላለቀ ጉዳይ አለው። መጽሐፉም ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ስለዚያ ሰው ሲጠይቅ ይዘልቃል። እንግዲህ የዚህ ድርሰት ዋና ነገሩ መግደልን ማሳየቱ ሳይሆን፤ የማንም ሰው ደም ሳይጠየቅ እንዳይቀር መሟገቱ ነው። ዲንቃና ኑዌር በከብት የሚከፍሉት የደም ካሣ፤ በኢትዮጵያም ጉማ የሚባለው ሥርዓት በየበኩላቸው የሚናገሩት ይህንኑ ነው፤ ሰው ሞቶ ዝም አይባልም።

ለአማርኛ አንባቢም የምርመራ ታሪክ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር ብቻ አይደለም። ሕፃኑ በምሽት «እንቆቅልሽ!» ሲባል «ምን አውቅልህ!» ብሎ መልስ ፍለጋ ሲባዝን፤ ሲያቅተውም «አገር ስጠኝ» ሲባል ያድጋል። ቅኔ የተማረው ከሰሙ በታች ያለውን ወርቅ መፈለግ ልማዱ ነው። ወንጀል በተሠራ ጊዜም የአገሩ ሰው በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ፤ ያየ ያየውን የሰማ የሰማውን እንዲናገር የሚደረግበት አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባል ሥርዓት ነበረ። ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. «አፈርሳታ» ብለው በእንግሊዝኛ ያሳተሙት ልብ ወለድ የቆመው በዚሁ ላይ ነው፤ ጎጆው ጋይቶ ገንዘቡ የጠፋበትን ሰው ጉዳይ መንደርተኛው ተሰብስቦ ሲመረምር ያሳያል።

ከአውጫጭኝ ጎን ደግሞ ሌባ ሻይ የሚባል ሌላ መንገድ ነበረ። አንድ ብላቴና የሚያሰክር መድኃኒት ይጠጣና እየተንገዳገደ በመንደሩ ይዞራል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይያዛል። ምስክር የለ፤ ማስረጃ የለ፤ ክርክር የለ። ኋላ በመንግሥት ተከልክሎ ቀረ።

እነዚህ ሁለት ሥርዓቶች አዲስ ደራሲ ለሚፈልግ አንባቢ እጅግ የሚጠቅም መለኪያ ይሰጡታል። የአውጫጭኝ ደራሲ አለ፤ የሌባ ሻይም ደራሲ አለ። የአውጫጭኙ ደራሲ መርማሪው ያየውን ሁሉ ለአንባቢው ያሳያል፤ የምስክሩን ቃል፤ የተከፈተውን መስኮት፤ የጠፋውን ቁልፍ በየቦታው ያስቀምጣል። አንባቢው በመጨረሻ ሲደነቅ «ይህስ በፊቴ ነበረ!» ብሎ ነው። የሌባ ሻዩ ደራሲ ግን ታሪኩን ሲያንገዳግድ ቆይቶ፤ በመጨረሻው ምዕራፍ ቀድሞ ባልታየ ሰው ደጃፍ ይወድቅና «ወንጀለኛው ይህ ነው» ይላል። እ.ኤ.አ. በ1929 ሮናልድ ኖክስ የተባሉ እንግሊዛዊ ካህንና ደራሲ ለዚህ ዓይነት ድርሰት ዐሥር ሕጎች ሲደነግጉ፤ ምሥጢሩ በመናፍስት ኃይል እንዳይፈታ፤ መርማሪውም ያገኘውን ፍንጭ ከአንባቢ እንዳይሰውር አዝዘዋል። የኢትዮጵያ ገበሬ በአውጫጭኝና በሌባ ሻይ መካከል ያለውን ልዩነት ቢጠየቅ ኖሮ ከዚህ ብዙ ያልራቀ መልስ በሰጠ ነበር።

መለኪያው ከታወቀ ዘንድ፤ አዲሱ ደራሲ በየት በኩል ይገኛል? አንባቢ ራሱ እንደ መርማሪ ዱካ መከተል አለበት፤ ዱካውም ሦስት ነው።

የመጀመሪያው ዱካ የተርጓሚ ነው። በ2004 ዓ.ም. ያረፉት አንጋፋው ጋዜጠኛና ደራሲ ማሞ ውድነህ ብዙ የስለላ ታሪኮችን ወደ አማርኛ መልሰው፤ ለብዙ አንባቢ የዓለምን የስለላ ምሥጢር በር ከፍተዋል። ከእንደዚህ ያለው መጽሐፍ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የዋናውን ደራሲ ስም የሚያነብ ሰው እጅግ ጥቂት ነው፤ አዲስ ደራሲ የሚገኘው ግን እዚያው ላይ ነው። አንድ ተርጓሚ ደክሞ ወደ ቋንቋው የመለሰው ደራሲ፤ አንድ ጥሩ አንባቢ አስቀድሞ የመሰከረለት ደራሲ ነው።

ሁለተኛው ዱካ የዘር ሐረግ ነው። ደራሲ ያለ አባት አይወለድም። አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1841 ዱፒን የሚባለውን መርማሪ ባይፈጥር ኖሮ፤ አርተር ኮናን ዶይል በ1887 ሼርሎክ ሆምስን እንደዚያ አድርጎ ለማምጣት ባልተቻለው ነበር፤ አጋታ ክሪስቲም በ1920 የመጀመሪያ መጽሐፏን ስታሳትም የዶይልን መንገድ ተከትላለች። ይኸው ሐረግ አፍሪካም ደርሷል። የዛንዚባሩ ሙሐመድ ሰዒድ ዐብደላ እ.ኤ.አ. በ1960 በታተመው መጽሐፉ ብዋና ምሳ የተባለውን ፒፓ አጫሽ መርማሪ በስዋሂሊ ቋንቋ አስነሣ። ሼርሎክ ሆምስን የወደደ አንባቢ እንግዲህ የልጅ ልጁን በሕንድ ውቅያኖስ ዳር ያገኘዋል ማለት ነው።

ሦስተኛው ዱካ የአገር ነው፤ ለጉምቦ አንባቢ ከሁሉ የሚቀርበውም ይህ ነው። በጉምቦ አጠገብ የሚያልፈው ወንዝ በካርቱም ከጥቁር ዓባይ ጋራ ተቀላቅሎ ካይሮ ይወርዳል። በካርቱም ያደገው ደራሲ ጀማል ማሕጁብ፤ ፓርከር ቢላል በሚል የብዕር ስም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የጻፋቸው የምርመራ ታሪኮች ባለቤት ማካና የሚባል የቀድሞ የሱዳን ፖሊስ መኮንን ነው፤ ከአገሩ ተሰድዶ በካይሮ፤ በዚያው በዓባይ ላይ በተንሳፈፈ ቤት ይኖራል። ስደተኛ የሆነ መርማሪ የሌላውን አገር ሰው ምሥጢር ሲፈታ፤ የራሱ ቤተሰብ ኀዘን ግን ሳይፈታለት ይዞራል። በስደት የሚኖር አንባቢ ይህንን ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም።

በኢትዮጵያም ቢሆን ይልማ ሀብተየስ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድን በአማርኛ በማስለመድ ስማቸው ይነሣል። ይስማዕከ ወርቁ በ«ዴርቶጋዳ» የጣናን ገዳማትና የስለላን ዓለም አገናኝቶ ብዙ ወጣት ወደ ንባብ ስቧል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ግን ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። በ1975 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ፤ በቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ በአሥመራ የነበረውን ፍቅርና ስለላ የሚተርክ ሲሆን፤ ወዲያውኑ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. ከቤታቸው ወጥተው አልተመለሱም። መጽሐፉ ግን አልጠፋም፤ እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለዓለም አንባቢ ቀርቧል። የስለላን ምሥጢር የጻፈው ደራሲ ራሱ መልስ ያልተሰጠው ጥያቄ ሆኖ ቀረ። ደሙን ከደመ ከልብነት የሚጠብቀው አንባቢው ነው፤ መጽሐፉ በተነበበ ቁጥር «ይህን የጻፈው ሰው የት ደረሰ?» ተብሎ ይጠየቃልና።

ከዚህ በኋላ የመምህሩ ድርሻ ይመጣል። ለተማሪ የወንጀል ታሪክ ሲመረጥ የሽፋኑ ሥዕል አማካሪ አይሁን፤ ደም የተቀባ ሽፋን ብዙ ጊዜ ባዶ መጽሐፍ ይሸፍናል። የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ገጾች ተነብበው ሦስት ነገሮች ይመርመሩ። ሟቹ እንደ ሰው ታስቦለታልን? ፍንጩ በግልጽ ተቀምጧልን? ክፉው ሥራ እንደ ጀግንነት ተቆጥሮ አልተወደሰምን? በሦስቱ ያለፈ መጽሐፍ በወጣት እጅ ቢገባ አያስፈራም። ክፋትን የሚያስተምረው ወንጀልን የሚያሞጋግሰው መጽሐፍ ነው፤ የሚመረምረው ግን አእምሮን ለፍርድ ያዘጋጃል።

መጽሐፍ ጥቂት በሆነበት እንደ ጉምቦ ባለ ስፍራ አንዱ ቅጂ ለብዙ ሰው እንዲበቃ ማድረግ ይቻላል። ልጆች ተሰብስበው አንዱ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ሊያልቅ ሁለት ምዕራፍ ሲቀረው መጽሐፉ ይዘጋ። እያንዳንዱ ልጅ ወንጀለኛው ማን እንደ ሆነና በምን ማስረጃ እንዳወቀው በአማርኛ ጽፎ ያምጣ። «እንዲሁ መሰለኝ» የሚል መልስ ሌባ ሻይ ነውና አይቀበሉት፤ ገጹን ጠቅሶ የሚከራከረው ግን ቢሳሳትም ይመስገን። ከዚያ የተቀሩት ምዕራፎች ይነበቡ። በዚህ ዓይነት ልጁ ቋንቋውን ይማራል፤ ከቋንቋውም ጋራ ሰውን ያለ ማስረጃ አለመወንጀልን ይማራል። በሐሜትና በጥርጣሬ ስንት ቤት እንደ ፈረሰ ለሚያውቅ አገር ይህ ቀላል ትምህርት አይደለም።

አዲስ ደራሲ መፈለግ እንግዲህ አዲስ ጠያቂ መፈለግ ነው። ደም በከንቱ ፈስሶ ዝም በሚባልበት ዘመን፤ «ማን? ስለ ምን? በምን ማስረጃ?» ብሎ መጠየቅን ያስለመደ መጽሐፍ በየትኛውም ቋንቋ ቢጻፍ፤ ከየትኛውም ወንዝ ዳር ቢመጣ፤ በመምህር ጠረጴዛ ላይ ስፍራ ይገባዋል።