የጎመን ቡቃያ ስለሚበሳው ጥንዚዛ



የጎመን መደብ ያለው ትምህርት ቤት ሁሉ ይህን ተባይ ያውቀዋል፤ በስሙ የሚጠራው ግን ጥቂት ነው። ቡቃያው ብቅ ባለ በጥቂት ቀን ቅጠሉ ወንፊት መስሎ ይገኛል። ተማሪው ሊያይ ጎንበስ ሲል አንዲት ጥቁር ነጥብ ከቅጠሉ ላይ ተፈናጥራ ትጠፋለችና፣ «ቁንጫ ነው» ይላል። በአዘላለሉ አልተሳሳተም። ዳሩ ግን ቁንጫ ክንፍ የላትም፤ ይህ ክንፉን በጠንካራ ሽፋን የሸፈነ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊሜትር የሚሆን ጥንዚዛ ነው። የሚያስፈነጥረውም የወፈረው የኋላ ጭኑ ነው። እንስቲቱ እንቁላሏን ከተክሉ ሥር አጠገብ በአፈር ውስጥ ትጥላለች፤ እጩም ሥሩን እየበላ ያድጋል።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ደገኛ ቀላል አይደለም። ቅጠሉ ለወጥ፣ ዘሩም ለምጣድ ማሰሻ የሚሆነው ጎመንዘር የዚሁ አገር ተክል ነውና። ናጋሃሩ ኡ የተባለው የእጽዋት ሊቅ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1935 ባሳተመው ጥናት፣ ጎመንዘር የጥቁር ሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ወገን ድቅል መሆኑን አመልክቷል። ከአንዱ 8፣ ከሌላው 9 ጥንድ ክሮሞሶም ወርሷል። የሰናፍጩን የሚያቃጥል ሽታም አብሮ ወረሰ። ይህ ሽታ ብዙ ተባይ ያባርራል፤ ጥንዚዛውን ግን ይጠራዋል። እንዲያውም ቢጫ መስመር ያለው ዓይነት የተክሉን መርዝ በገላው እንደሚያከማች በ2014 ታውቋል።

ጉዳቱ የሚከፋው ተክሉ ሁለት ቅጠል ብቻ ሳለ፣ በተለይም ዝናብ ተቋርጦ ፀሐይ ሲበረታ ነው። ገበሬውም ቡቃያው ሲጠፋ «ፀሐይ አቃጠለው» ብሎ ዳግመኛ ይዘራል። ዘሩም ጊዜውም ከሰረ፤ ጥንዚዛው ግን እዚያው አለ። አራት አምስት ቅጠል ያወጣ ጎመን ግን አብዛኛውን ጊዜ ቁስሉን ችሎ ያድጋል።

ጤዛ ሳይረግፍ የሚነሰነስ አመድ በመጠኑ ያግዳል፤ ዝናብ ሲያጥበው መድገም ያስፈልጋል። በትምህርት ቤት መደብ ላይ መርዝ መርጨት ግን የሚደገፍ አይደለም፤ ልጆቹ ቅጠሉን ቀጥፈው ወደ ቤታቸው ይወስዳሉና።

ለተማሪዎች የሚበጀው ሁለት መስመር ዘርቶ አንዱን ገና ከመብቀሉ በፊት በስስ ሻሽ መሸፈን፣ ከዚያም የሁለቱን ቀዳዳ በየማለዳው እየቆጠሩ መመዝገብ ነው። መደቡ ግን ባለፈው ወቅት ጎመን ያልበቀለበት ይሁን፤ አለዚያ ጥንዚዛው ከአፈር ወጥቶ ከሻሹ ሥር ይገኛል።