መርከብ እንዳትሰጥም፦ የምክትል አድሚራል ስቴፓን ማካሮቭ ሕይወትና ሥራ



የባሕር ኃይል መኮንኖች በታሪክ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወሱት ባሸነፉት ጦርነት ነው። ሩሲያዊው ምክትል አድሚራል ስቴፓን ኦሲፖቪች ማካሮቭ ግን ይበልጥ የሚታወሱት ዕድሜያቸውን ሙሉ ባልተለዩት አንድ ጥያቄ ነው። ይኸውም የተመታች መርከብ ስለ ምን እንደምትሰጥምና እንዳትሰጥም ምን ማድረግ እንደሚቻል የመመርመር ጉዳይ ነበር።

ማካሮቭ እ.ኤ.አ. በ1849 ዛሬ በዩክሬን ውስጥ በምትገኘው በኒኮላዬቭ ከተማ ተወለዱ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) አባታቸው ከዝቅተኛ ማዕረግ ተነሥተው ለመኮንንነት የበቁ ሰው ሲሆኑ፣ ልጁም የተማሩት የመኳንንት ልጆች በሚገቡበት በዋና ከተማው ትምህርት ቤት ሳይሆን በሩቅ ምሥራቅ፣ በአሙር ወንዝ መድረሻ በነበረው የባሕር ትምህርት ቤት ነው። ስለሆነም ለማዕረግ ያበቃቸው ዘር ሳይሆን ሥራ ነበር።

በ1869 ወጣቱ መኮንን ያገለግሉባት የነበረችው «ሩሳልካ» የተባለች ብረት ለበስ መርከብ በፊንላንድ ባሕር ዳርቻ ከዐለት ጋር ተጋጨች። ቀዳዳው ትንሽ ቢሆንም መርከቢቱን ለመስጠም አቅርቧት ነበር። ሌሎች አደጋውን እንደ ዕድል ሲቆጥሩት፣ ማካሮቭ ግን ምክንያቱን መረመሩ። በ1870 በባሕር ኃይሉ መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ ቀዳዳ ለመድፈን የሚያገለግል ወፍራም ምንጣፍ አስቀድሞ ተሠርቶ በየመርከቡ እንዲቀመጥ፣ ከየክፍሉም ውኃን መጥጦ የሚያወጣ የቧንቧ መሥመር እንዲዘረጋ ሐሳብ አቀረቡ።

በ1877 እና 1878 በተካሄደው የሩሲያና የቱርክ ጦርነት፣ ማካሮቭ ትናንሽ የእንፋሎት ጀልባዎችን ተሸክማ በምትጓዝ መርከብ ላይ አዛዥ ነበሩ። በጥር 1878 ጀልባዎቻቸው በባቱሚ ወደብ አንዲት የቱርክ መርከብ በቶርፔዶ አሰጠሙ። ይህም በራሱ ኃይል በሚጓዝ ቶርፔዶ የተገኘ የመጀመሪያው ድል ተደርጎ ይቆጠራል።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ማካሮቭ በቁስጥንጥንያ ተመድበው ሳለ ዓይናቸውን ወደ ቦስፎረስ ወሽመጥ አቀኑ። የላይኛው ውኃ ከጥቁር ባሕር ወደ ማርማራ እንደሚፈስ ሁሉም ያየው ነበር። ማካሮቭ ግን በ1881 እና 1882 ጥልቀቱን፣ የጨውን መጠንና የሙቀትን ልክ በተደጋጋሚ ለክተው፣ ከሥር በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄድ ሌላ ፈሳሽ መኖሩን በአኃዝ አረጋገጡ። ምክንያቱም ብዙ ወንዞች የሚገቡበት የጥቁር ባሕር ውኃ ጨው የቀነሰና ቀላል ሲሆን፣ ከሜዲትራኒያን በኩል የሚመጣው ጨው የበዛበት ከባድ ውኃ ከሥሩ ስለሚገባ ነው። በ1885 የታተመው ይህ ጥናት በሩሲያ የሳይንስ አካዳሚ ተሸልሟል። ከ1886 እስከ 1889 «ቪትያዝ» በተባለችው መርከብ ዓለምን ሲዞሩም በሰላማዊ ውቅያኖስ ይህንኑ ዓይነት ልኬት ቀጥለዋል።

በ1898 በኒውካስል የተሠራችው በረዶ ሰባሪ መርከብ «የርማክ» የእርሳቸው ሐሳብ ውጤት ናት። በ1899 በዋልታው አካባቢ የነበረው ከባድ በረዶ ቢጎዳትና ነቃፊዎች ቢበዙባትም፣ በ1900 መጀመሪያ ላይ በገመድ አልባ በተላለፈ መልእክት መሠረት በበረዶ ስባሪ ላይ ተንሳፍፈው የቀሩ ዓሣ አጥማጆችን አድናለች። መርከቢቱ እስከ 1960ዎቹ ድረስ አገልግላለች።

ይሁን እንጂ ዕውቀት ሁልጊዜ ጆሮ አያገኝም። የመጀመሪያውን ትምህርት የሰጠቻቸው «ሩሳልካ» ራሷ በ1893 በማዕበል ውስጥ ከነሠራተኞቿ ጠፋች። በየካቲት 1904 ደግሞ ማካሮቭ በፖርት አርተር ከወደቡ ውጭ መልሕቅ ጥለው የቆሙት የጦር መርከቦች ወደ ውስጥ እንዲገቡ ለበላዮቻቸው በደብዳቤ አስጠነቀቁ። የጃፓን ቶርፔዶ ጀልባዎች ጥቃት የጣሉትም ደብዳቤው በተጻፈበት በዚያው ሌሊት ነበር።

ከዚህ በኋላ የቡድኑ አዛዥ ሆነው ተላኩ። መጋቢት 8 ቀን ፖርት አርተር ሲደርሱ ተስፋ የቆረጠውን ሠራዊት ልምምድ በማስጀመርና መርከቦቹን ደጋግመው በማውጣት አነቃቁ። ሆኖም በሚያዝያ 12 ሌሊት ከወደቡ ውጭ አጠራጣሪ መርከቦች ሲታዩ የራስ ወገን ሊሆኑ ይችላሉ ተብሎ ተኩስ አልተከፈተም፤ በማግሥቱም ሥፍራው ከፈንጂ ሳይጠረግ ቀረ። የአዛዡ መርከብ «ፔትሮፓቭሎቭስክ» ጃፓኖች በሌሊቱ ያጠመዱትን ፈንጂ መታች፤ የጥይት ማከማቻዋም ስለፈነዳ በደቂቃዎች ውስጥ ሰጠመች። ማካሮቭና ታዋቂው ሠዓሊ ቫሲሊ ቬሬሽቻጊን ከስድስት መቶ በላይ ከሆኑ ሰዎች ጋር አብረው አለቁ።

ሠላሳ አራት ዓመት ስለ መርከብ አለመስጠም የጻፉ ሰው በዚህ መንገድ መሞታቸው ሥራቸውን ከንቱ አያደርገውም። አሌክሴይ ክሪሎቭ ይህንኑ ጥናት ወደ ስሌት ሠንጠረዥ አድርሰውታል፤ በ1905 በቱሺማ ውጊያ ተገልብጠው የሰጠሙት መርከቦችም የጥያቄውን ክብደት አሳይተዋል። ይልቁንም ሁለት ነገር ከዚህ ሕይወት ይገኛል። አንደኛው፣ ትንሽ አደጋ ለሚመረምራት ሰው ከትልቅ አደጋ የምታድን መምህር መሆኗ ነው። ሁለተኛው፣ እጅግ የተጠነቀቀ ባለሙያም ቢሆን አንድ ሌሊት ጥንቃቄውን ካጓደለ ያለፈው ሥራው ዋስትና እንደማይሆነው ነው። ሙያ የሚጠይቀው ትናንት የታወቀውን ዛሬም እንደገና መፈጸም ነውና።