የእንግሊዝኛ ቃልና የቅኔ ቤት ግስ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በበዓል ቀን ስለ ፈተና ማንሣት ደስታ እንደ ማደፍረስ ይቈጠርብኝ ይሆናል። ነገር ግን ፈተናው በዓል ነው ብሎ አይተወንምና ጥቂት ደቂቃ እንድትታገሡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተቀመጡት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ እኔ በራሴ ያየሁት አንዱን ነው። የፊዚክሱም የታሪኩም ጥያቄ የሚቀርበው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፤ ቃሉ የጠፋበት ተማሪ የሚያውቀውን እንኳ እንዳላወቀ ሆኖ ይወጣል።

ባለፈው ዓመት ከጓደኛዬ የቃላት ዝርዝር ገልብጬ በቀን ሠላሳ ሠላሳ እሸመድድ ነበር። «ዪልድ» ማለት «ምርት ሰጠ» ብዬ ያዝሁ። በሙከራው ፈተና ከተማይቱ ለጠላት ጦር «ዪልድ» አደረገች የሚል ምንባብ መጣ። እኔም ለጠላት እህል ሰጠች የሚለውን መልስ መረጥሁ። ለካ ቃሉ «እጅ ሰጠ» ማለትም ኖሯል!

ማታ ነገሩን በወጣትነታቸው ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ለተማሩት አያቴ ነገርኋቸው። ሥቀው፤ «ልጄ፤ ግሱን ያዝህ እንጂ ቅኔ አልቈጠርህበትማ» አሉኝ።

በዲማም በዋሸራም በጎንጅም ቅኔ ቤት መምህሩ ግስ ሲነግሩ ተማሪው ተቀብሎ ይደግማል። ግን ቃሉን ለብቻው አይተወውም፤ ያረባዋል። ከቀደሰ ቅዱስ፤ ቅዳሴ፤ መቅደስ ይወጣሉ። ቀጥሎም ከዛፍ ሥር ተቀምጦ በያዘው ግስ ቅኔ ይቈጥራል፤ መጀመሪያ ባለ ሁለት ቤቷን ጉባኤ ቃና። ለመምህሩ ይነግራል፤ ሲሳሳት ይታረማል። ቃሉ የሚቀመጠው በዚህ ጊዜ ነው። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በዚሁ በጎጃም ቅኔ ተምረው፤ በኋላ በዘመናዊ ትምህርት ገፍተው በዋሺንግተንና በለንደን አምባሳደር ሆነዋል። ስለዚህ የሌላ ቋንቋ ቃል ማጥናት ላገራችን ልጅ እንግዳ ሥራ አይደለም።

ቃሉስ ስንት ነው? የሚል ይኖራል። ማይክል ዌስት የተባለ ሊቅ በ1953 እ.ኤ.አ. እጅግ የሚያገለግሉ ሁለት ሺህ ያህል የእንግሊዝኛ ቃላት መርጦ አሳትሟል። አቬሪል ኮክስሄድ የተባለች የኒውዚላንድ ምሁር ደግሞ በ2000 እ.ኤ.አ. በትምህርት መጻሕፍት የሚመላለሱ 570 የቃል ቤተሰቦች ለይታ አወጣች፤ እነዚህም ከትምህርታዊ ጽሑፍ አንድ ዐሥረኛውን ያህል ይሸፍናሉ። በቀን ሁለት ሁለት ቢያዙ 285 ቀን ነው፤ ዓመት አይሞላም።

እኔም አሁን ሠላሳውን ትቼ በሁለት ቃል እኖራለሁ። ከነርባታቸው እጽፋቸውና ከቤቴ ኑሮ ዐረፍተ ነገር እሠራባቸዋለሁ። ማሳችን ዘንድሮ መልካም «ዪልድ» ሰጠ፤ በሬያችን ግን ለጅራፍ «ዪልድ» አላደረገም ብዬ በእንግሊዝኛ ስጽፍ መምህሬ በቀይ እስክርቢቶ አረሙልኝ፤ ቃሉ ግን ከዚያ ወዲያ አልጠፋኝም። (አንድ ነገር ብቻ አልዋጥልህ ብሎኛል፤ «ፋስት» ፈጣንም ጾምም ይባላል፤ የእኛ የሁዳዴ ጾም ግን ከቶ አይፈጥንም።)

ወላጆች ሆይ፤ አንድ ልመና አለኝ። እኅቶቻችን ውሃ ቀድተው እንጀራ ጋግረው ደብተር ሲይዙ ይመሻል፤ ዓይናቸውም ይከደናል። ከመሸ በፊት ግማሽ ሰዓት ብትተዉላቸው ሁለቱ ቃል ይበቃል። በ2016 ዓ.ም. በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች በግጭቱ ተዘግተው ሳሉ መምህር ያጣ ተማሪ ስንት እንደ ነበረ ታውቃላችሁ፤ ቃሉን ግን ከብት እየጠበቁም ማርባት ይቻላል።

ጓደኞቼ፤ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት በቤተ መጻሕፍቱ በረንዳ እንሰበሰባለን። የእንግሊዝኛ መምህራችን ሊያርሙልን ፈቅደዋል። እያንዳንዳችሁ ሁለት ቃልና ሁለት የራሳችሁን ዐረፍተ ነገር ይዛችሁ ኑ፤ ከመጽሐፍ የተገለበጠ አንቀበልም።