ያላያችሁትን አትፈርሙ

ተመራቂዎች፣ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ!

አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ሂውስተን ከተማ፣ በተፈጥሮ ጋዝ ቧንቧ ውስጥ እየሄዱ ስንጥቅ የሚያነፈንፉ ሴንሰሮች በመሥራት ነው። ጀማሪ ሳለሁ አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ ቁራጭ ቧንቧ ፊት አቆመኝ። ብረቱ ሲታይ ምንም የለበትም። ነጭ ቀለም ነፋበት፣ ማግኔት ደገነበት፣ ጥቁር የብረት ብናኝ ያለው ፈሳሽ ረጨበት። ወዲያው ከፀጉር የቀጠኑ መስመሮች ተጠጋግተው ብቅ አሉ። «አፈሩና ግፊቱ ተባብረው ነው እንዲህ የሚሰነጥቁት» አለኝ። በፈረንጆቹ 1965፣ ሉዊዚያና ውስጥ ናኪቶሽ አጠገብ 17 ሰዎች የሞቱበት ፍንዳታ የመጣው ከእንዲህ ያለ ስንጥቅ ነው። አሜሪካ የጋዝ ቧንቧ ደኅንነት ሕግ ያወጣችው ከሦስት ዓመት በኋላ ነበር።

ቧንቧው የተቀበረ ስለሆነ መሣሪያው ከውስጥ ነው የሚሄደው፤ የሚገፋውም ጋዙ ራሱ ነው። ብረት በዝገት ሲሳሳ ማግኔት ይለየዋል፤ በቧንቧው ርዝመት የተጋደመ ቀጭን ስንጥቅ ግን በቀላሉ ያመልጠዋል። የድምፅ ሞገድ ይሻላል፤ እሱም ነፍሰ ጡር ሆድ ላይ እንደሚቀባው ጄል ያለ አሸጋጋሪ ይፈልጋል። በጋዝ ውስጥ ይህ የለም። ስለዚህ ማግኔትና የሽቦ ጥቅል አጣምረን ሞገዱን እዚያው ብረቱ ውስጥ እንፈጥረዋለን፤ ኢማት ይባላል። ሴንሰሩ ከግድግዳው ጥቂት ሚሊሜትር ከራቀ ምልክቱ ይደክማል። የብየዳ ጉብታውም፣ የቧንቧው ጭረትም ስንጥቅ መስሎ ይቀርባል። ዓመታት የፈጀብን እውነተኛውን ከመሳዩ መለየት ነው።

አሁን ትንሽ ልቆጣችሁ። ይህን ሁሉ ድካም ገደል የሚከት ነገር አለ፤ የተሳሳተ መዝገብ።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳን ብሩኖ የምትባል ከተማ አለች። በፈረንጆቹ መስከረም 9 ቀን 2010፣ እኛ ጳጉሜን 4 ብለን ለአዲስ ዓመት ስንሰናዳ፣ በ1956 የተቀበረ ባለ 30 ኢንች የጋዝ ቧንቧ አመሻሽ ላይ በመኖሪያ ሰፈር መሐል ፈነዳ። 8 ሰዎች ሞቱ፤ 38 ቤቶች ወደሙ። ጋዙን ዘግቶ ለማቆም 95 ደቂቃ ፈጀ። የኩባንያው መዝገብ ቧንቧው በርዝመቱ ብየዳ የሌለበት ወጥ ነው ይላል። ከጉድጓዱ የወጣው ግን ከአጫጭር ቁራጮች የተገጣጠመ፣ በርዝመቱም የተበየደ፣ ብየዳውም ከውጭ ብቻ ሆኖ እስከ ውስጥ ያልዘለቀ ብረት ነበር። ያኔ በዚያ ስፋት ወጥ ቧንቧ የሚያመርት ብቁ የአሜሪካ ፋብሪካ እንኳ አልነበረም። መዝገቡን በጥርጣሬ ያነበበ አንድ ሰው ቢገኝ ኖሮ ይነቃበት ነበር። ወረቀቱ «ብየዳ የለም» እያለ፣ ደካማ ብየዳ ብሎ የሚፈልግ ከየት ይመጣል? አንድ ሰው ሳያይ ጻፈ፤ ሌላው ሳያይ ገለበጠ፤ ከ54 ዓመት በኋላ ማዕድ ላይ የተቀመጡ ቤተሰቦች ተቃጠሉ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይቆጨኛል።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ የላብራቶሪ ሪፖርት ከጓደኛችሁ ገልብጣችሁ ቁጥሩን ነካ ነካ ያደረጋችሁ አላችሁ። «ለማርክ ብለን ነው» አትበሉኝ፤ እጅ ክፉ የሚለምደው እዚያው ነው። ወላጆችም ስሙኝ፤ ዛሬ ለልጃችሁ ሰዓት ልትገዙ ካሰባችሁ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ጨምሩበት። መሐንዲስ ያየውን በዚያው ቀን፣ በገዛ እጁ፣ በማይፋቅ እስክሪብቶ መጻፍ አለበት ብዬ አምናለሁ። ኮምፒዩተሩ በኋላ ይደርሳል።

እኛም አገር፣ ሶማሌ ክልል ካሉብ ላይ፣ ጋዝ አለ። እስከ ጅቡቲ ቧንቧ የመዘርጋት ዕቅድም ሲነገር ቆይቷል። ያ ቧንቧ ሲቀበር የብየዳውን መዝገብ የምትይዙት እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ። አለቃ ቢያጣድፋችሁ፣ ፀሐዩ ቢያናውዛችሁም ጉድጓዱ ውስጥ ወርዳችሁ እዩት። ጎዶሎ ከሆነ ጎዶሎ ነው ብላችሁ ጻፉ፤ ስማችሁንና ቀኑን አስፍሩበት። ያላያችሁትን፣ አደራ፣ አትፈርሙ።